ዚንክ ሲቀጠቀጥ ዝገቱ ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል?

ቃሊቲና ገላን አካባቢ ባሉ ብረታ ብረት ቤቶች "የተቀጠቀጠ ብረት ጠንካራ ነው" ሲባል ትሰማላችሁ። ልክ ነው። ሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲያልቅ ተብሎ የሚሠራ የዚንክ ቅይጥ ላይ ግን ነገሩ ያደናግራል፤ እዚህ ዝገቱ ራሱ ይፈለጋል። የተሰበረ አጥንት የያዘ ብሎን አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ራሱ ካለቀ፣ ለማውጣት ሁለተኛ ኦፕራሲዮን አያስፈልግም። ማግኒዚየም ቶሎ ያልቃል፣ ብረት በጣም ይዘገያል፣ ዚንክ መሃል ላይ ነው። የዚንክ ዝገት ምን እንደሚመስል ለማየት ተደራርቦ እርጥበት የገባበትን ዚንክ የተለበጠ አዲስ ቆርቆሮ ተመልከቱ፤ ያ ነጭ ዱቄት እሱ ነው።

ችግሩ ንጹህ ዚንክ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ ውስጡ ትልልቅ ቅንጣት (ክሪስታል) ይሠራል፣ ስለዚህ አቅም የለውም። ማግኒዚየም ሲጨመርበት ይጠነክራል፣ ግን በቅንጣቶቹ ድንበር ላይ ሌላ ውህድ እንደ መረብ ይዘረጋል። በመረቡና በዚንኩ መካከል የኤሌክትሪክ ልዩነት ስላለ ዝገቱ አንድ ቦታ ይዞ ወደ ውስጥ ይቦረቡራል። ብሎን ያለጊዜው እንዲሰበር የሚያደርገው ይኼ ነው፤ በጣም የሚያሳስበውም እሱ ነው።

ዚንክ በ419 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ከዚያ በደንብ ዝቅ ባለ ሙቀት ሲቀጠቀጥ ትልልቁ ቅንጣት በደቃቅ ይተካል፣ መረቡም ይበጣጠሳል። ያኔ ዝገቱ አንድ ጉድጓድ ከመቆፈር ይልቅ ገጹን በሙሉ ተመጣጥኖ የመብላት ዕድሉ ይጨምራል። ፍጥነቱ ግን ሊቀንስም ሊጨምርም ይችላል፣ ምክንያቱም ቅንጣት ሲደቅ ድንበሩ ይበዛል፣ ውጤቱም እንደ ቅይጡ፣ እንደ ሙቀቱና እንደ ምቱ ብዛት ይለያያል። እኔ ብጠየቅ ከፍጥነቱ በፊት ተመጣጥኖ መዛጉን ነው የማየው።