መሬትን የሚያሽከረክራት ምንድን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር ስለ መሬት መሽከርከር የሚነሡት ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት አይለወጡም። ጥያቄዎቹ የብልህ ጥያቄዎች ናቸው። መታረም ያለበት አብሯቸው የሚመጣው ግምት ነው።

«መሬትን ዘወትር የሚያሽከረክራት ኃይል አለ።»

አንዱ የፀሐይ ስበት ነው ይላል፣ ሌላው የመሬት ማግኔታዊ መስክ፣ ሌላው በውስጧ ያለው የቀለጠ ብረት። ሦስቱም ሳይጠይቁ የተቀበሉት አንድ ነገር አለ፦ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚገፋው ይፈልጋል የሚለውን። የጋሪ ጎማ ካልተገፋ ይቆማል፤ የሚያቆመው ግን ሰበቃ ነው። በባዶ ሕዋ ውስጥ መሬትን የሚይዝ ሰበቃ ከሞላ ጎደል የለም። ስለዚህ አንዴ ከተሽከረከረች የሚገፋት አያስፈልግም፤ ልንጠይቅ የሚገባን ሽክርክሪቱን መጀመሪያ ከየት እንዳገኘችው ነው።

ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፀሐይና ፕላኔቶች ገና አልነበሩም፤ የነበረው ሰፊ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ቅንጣቶቹ በየአቅጣጫው ይንቀሳቀሱ ነበር። ያ ሁሉ እንቅስቃሴ ተደምሮ ልክ ዜሮ ሊሆን አይችልም፤ ጥቂትም ቢሆን ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ደመናው በራሱ ስበት እየተሰበሰበ ሲጠብ ያ ጥቂት ዙረት አልጠፋም፤ ስፋቱ በቀነሰ ቁጥር ፍጥነቱ ጨመረ። ፕላኔቶች ሽክርክሪታቸውን የወረሱት ከዚያ ነው። ስምንቱም በፀሐይ ዙሪያ በአንድ አቅጣጫ መዞራቸው፣ ፀሐይም ራሷ በዚያው አቅጣጫ መሽከርከሯ የዚህ ውርስ ምስክር ነው። ይህን ለተማሪ ማስረዳት ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ነው።

«ብትሽከረከር ኖሮ ይሰማን ነበር፤ ፒያሳ ላይ የዘለለ ሰው ሌላ ሰፈር ያርፍ ነበር።»

ደሴ በሰዓት ወደ 1,640 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ትጓዛለች፤ በሰከንድ ከ450 ሜትር በላይ ማለት ነው። የሚዘለው ሰው፣ አየሩና ጦሳ ተራራ ግን አብረው በዚያው ፍጥነት ይሄዳሉ፤ እግሩ መሬት ስለለቀቀ ብቻ ሰውየው ፍጥነቱን አያጣም። ሰውነታችን የሚያውቀው ፍጥነትን ሳይሆን የፍጥነትን ለውጥ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ሲወርድ አውቶቡስ ውስጥ ያለን ሰው የሚያንገላታው ጠመዝማዛውና ፍሬኑ ነው፤ ሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ሲነዳ ግን ተሳፋሪው እንቅልፍ ይወስደዋል። የመሬት ጠመዝማዛ ደግሞ እጅግ ሰፊ ነው፤ አንዱ ዙር 24 ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

«ስበትን የሚፈጥረው መሽከርከሯ ነው» የሚሉም አሉ። ስበት ከግዝፈት የሚመጣ ነው። ሽክርክሪቱ እንዲያውም ክብደታችንን በጥቂቱ ይቀንሳል፤ መሬት ብትቆም ደሴ ላይ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሚዛኑ 200 ግራም ያህል ይጨምርበታል።

«ጨረቃ አትሽከረከርም፤ ሁልጊዜ አንድ ገጽ ብቻ ነው የምታሳየን።»

ይህ ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው ነው፤ አመክንዮውም የሚያሳምን ይመስላል። ግቢ ውስጥ ወንበር አስቀምጡና ፊታችሁን ከወንበሩ ሳታነሡ ዙሩት። ፊታችሁ መጀመሪያ ወደ ጦሳ፣ ቀጥሎ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ወደ አዝዋ ገደል ይዞራል። አንድ ጊዜ ወንበሩን ስትዞሩ ራሳችሁም አንድ ጊዜ ተሽከርክራችኋል። ጨረቃም እንዲሁ ናት፤ በ27.3 ቀን መሬትን አንዴ ትዞራለች፣ በዚያው ጊዜ በዛቢያዋ ላይ አንዴ ትሽከረከራለች። ባትሽከረከር ኖሮ በወር ውስጥ ሁሉንም ጎኗን ባየን ነበር።

እኩልነቱ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ጨረቃ ቀድሞ ትፈጥን ነበር። የመሬት ስበት ቅርብ ጎኗን ከሩቅ ጎኗ አጥብቆ ስለሚስብ አካሏ በትንሹ ይለጠጣል፤ ስትሽከረከር ያ እብጠት ቦታውን እየለወጠ በውስጧ ሰበቃ ፈጠረ፤ ሰበቃው ደግሞ ሁለቱ ጊዜያት እስኪገጣጠሙ ድረስ ሽክርክሪቷን አዘገየው። ሩቁ ጎኗም «ጨለማ» አይደለም፤ እንደ ቅርቡ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀን፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሌሊት ይሆንበታል። የሶቪየት ኅብረቷ መንኮራኩር ሉና 3 እ.ኤ.አ. በ1959 ፎቶግራፍ አንሥታ አሳይታናለች።

«ፕላኔቶች ሁሉ እንደ መሬት ይሽከረከራሉ» የሚለው በአጭሩ ይፈርሳል። ጁፒተር ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ አንድ ዙር ትጨርሳለች። ቬነስ 243 የመሬት ቀናት ይፈጅባታል፣ አቅጣጫዋም የተገላቢጦሽ ስለሆነ ፀሐይ በምዕራብ ትወጣባታለች። ዩራነስ በጎኗ ተጋድማለች።

የመጨረሻው «የመሬት ሽክርክሪት ፈጽሞ አይለወጥም» የሚለው ነው። ጨረቃ የምታስነሣው የባሕር መሙላትና መጉደል መሬትን ቀስ በቀስ እያዘገያት ነው፤ የቀን ርዝመት በ100 ዓመት ወደ 0.002 ሰከንድ ያህል ይጨምራል። መሬት የምታጣውን ሽክርክሪት የምትወስደው ጨረቃ ናት፤ በዚህም የተነሣ በዓመት 3.8 ሳንቲ ሜትር ትርቃለች። ልኩ የተገኘው የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች እ.ኤ.አ. በ1969 በጀመሩት ሥራ ጨረቃ ላይ ወደተተከሉ መስተዋቶች ሌዘር በመላክና ብርሃኑ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ በመለካት ነው።