የአሜሪካ ኮሌጆች የጀልባ ቀዘፋና የሩጫ ውድድር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ

በአሜሪካ ኮሌጆች መካከል የተካሄደው የመጀመሪያው ስፖርታዊ ውድድር የጀልባ ቀዘፋ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1852 ሃርቫርድና ዬል በኒው ሃምፕሻየር፣ ዊኒፔሶኪ ሐይቅ ላይ ተገናኝተው ሃርቫርድ አሸነፈ። ወጪውን የቻለው ወደ ሐይቁ መንገደኛ ለመሳብ የፈለገ የባቡር ኩባንያ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ውድድሩ አንዴ ሲካሄድ አንዴ ሲቋረጥ ቆየ።

በ1871 የአሜሪካ ኮሌጆች የቀዘፋ ማኅበር ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ማስተማር ከጀመረ ገና ጥቂት ጊዜው የሆነው የማሳቹሴትስ የእርሻ ኮሌጅ ሃርቫርድንና ብራውንን ቀድሞ ገባ፤ ትንንሾቹ ኮሌጆችም ልባቸው ተነሣሣ። በ1873 ስፕሪንግፊልድ ላይ የማብቂያው መስመር ወንዙን በሰያፍ የሚቆርጥ ስለነበር ሃርቫርድ ያሸነፈ መስሎት ደስታውን ሲገልጽ ድሉ ለዬል ተሰጠ። ክርክሩ ለዓመታት አልበረደም፤ የዳኞቹ ውሳኔ ግን ትክክል ይመስላል።

የኮሌጆች የሩጫ ውድድርም የተወለደው በዚሁ የጀልባ በዓል ጥላ ሥር ነው። በዚያው በ1873 የጋዜጣ ባለቤቱ ጄምስ ጎርደን ቤኔት ለሁለት ማይል ሩጫ ዋንጫ አቀረበ፤ አሸናፊው ከካናዳው ማክጊል የመጣው ደንከን ቦዊ ሆነ። በማግስቱ ዓመት በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሳራቶጋ ላይ መሰናክልና የእርምጃ ውድድር ተጨመሩ።

በ1875 በዚያው ሳራቶጋ 13 ኮሌጆች፣ እያንዳንዳቸው በስድስት ቀዛፊና ያለ መሪ፣ ሦስት ማይል ተወዳደሩ። በሩን ከከፈተ ሰባት ዓመት ያልሞላው ኮርኔል የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችንም ዋናውንም ውድድር ጠራርጎ ወሰደ። ድሉን ለአጋጣሚ የሰጠ ካለ፣ በ1876 ሁለቱንም ደገማቸው። ዬል ከ1875 ውድድር በኋላ፣ ሃርቫርድ ደግሞ ከ1876 በኋላ ከማኅበሩ ወጡ። የራሳቸውን የአራት ማይል ግጥሚያ ከ1878 ጀምሮ በኒው ለንደን ከተማ፣ ቴምዝ ወንዝ ላይ አደረጉ። ምክንያታቸው ብዙ ይባላል፤ በአዲስ ኮሌጅ መሸነፍ ግን ሳይጎመዝዛቸው አልቀረም። ማኅበሩም ፈረሰ።

ሩጫው ከጀልባው ተለይቶ በራሱ ማኅበር ቆመ፤ በ1876 የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ፕሪንስተን ወሰደ። በ1880ዎቹ ውድድሩ በኒው ዮርኩ ማት ሄቨን ሲካሄድ ሃርቫርድ ለሰባት ተከታታይ ዓመታት በላይነት መራ። በ1888 የዬሉ ሯጭ ቻርልስ ሸሪል እጁን መሬት አስደግፎ፣ አጎንብሶ ሩጫውን ጀመረ፤ የአነሳሱ ፈጣሪ እሱ ነው ወይስ አሠልጣኙ የሚለው ያከራክራል።

ኮርኔል፣ ኮሎምቢያና ፔንስልቬንያ አዲስ የቀዘፋ ማኅበር መሥርተው በ1895 በሃድሰን ወንዝ ዳር፣ ፓኪፕሲ ላይ የአራት ማይል ውድድር ጀመሩ፤ የመጀመሪያውን ኮሎምቢያ አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ድሉ የኮርኔል ሆነ። አሠልጣኙ ቻርልስ ኮርትኒ፣ በሙያው አናጢ፣ የታወቀ ባለሙያ ቀዛፊም የነበረ ሰው ነው። በ1897 ሃርቫርድና ዬል ራሳቸው ፓኪፕሲ ድረስ መጥተው ከኮርትኒ ልጆች ጋር ተፋለሙ፤ ኮርኔል ሁለቱንም ቀደማቸው።