«ውሃ ለማስተማር ደግሞ ምን ስልጠና ያስፈልጋል?»

መምህራንን አሠለጥናለሁ። ርዕሱ ውሃና አካባቢ ጥበቃ ነው ስል ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ አይጠፋም፦ «ውሃን ደግሞ ማን የማያውቀው አለ?» ስንት ዓመት ሰማሁት! ሰልችቶኛል።

እሺ፣ እናውቀዋለን እንበል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሰጠሁት አንድ ስልጠና ላይ «የጉድጓድ ውሃ ከፈላ ችግር የለውም የሚል እጁን ያውጣ» አልኩ። አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። የሳይንስ መምህራኑም አልቀሩም።

ማፍላት ተህዋሲያንን ይገድላል፤ ልክ ነው። ውሃው ውስጥ የሟሟውን ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ግን ንክች አያደርገውም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ በቀረው ውስጥ ፍሎራይዱ ይበረታል። ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ምድር ነው፤ ፍሎራይዱም ከዓለቱ ይመጣል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ፣ ማለትም በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም፣ የሚያልፉ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ውሃው ኩልል ያለ ነው። ልጅ ቋሚ ጥርሱ ገና ከድድ ሳይወጣ ይህን እየጠጣ ካደገ ጥርሱ ይበልዛል። መጠኑ ከበዛና ዓመታት ከቆየ አጥንትም ይጎዳል። እኛ ግን ልጁን «ጥርስህን አትፍቅም እንዴ?» እያልን እናሸማቅቀዋለን። በእረፍት ሰዓት ጥርሱ ቡናማ የሆነ አንድ መምህር ጠጋ ብሎኝ «እናቴ በከሰል ታስፍቀኝ ነበር» አለኝ። ሳቀ፤ እጁን ግን ከአፉ ላይ አላነሳም።

እዚያ አካባቢ የምታስተምሩ፣ ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ሂዱና የትምህርት ቤታችሁን ጉድጓድ የምርመራ ውጤት ጠይቁ። ካለ ክፍል ውስጥ ይነበብ። ከሌለ ተማሪዎቹ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ለቋንቋ መምህሩም ሥራ ተገኘለት። የዝናብ ውሃ ደግሞ ፍሎራይዱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የመጠጥ ውሃችሁን በእሱ ብታቀላቅሉት የሚወጣውን መጠን ማስላት ራሱ ትምህርት ነው።

«ላብራቶሪ የለንም» እንዳትሉኝ። የቆርቆሮ ጣሪያ አላችሁ? 1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 8 በ7 ሜትር ስፋት ያለው ጣሪያ 56 ካሬ ሜትር ነው። 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 560 ሊትር፣ ማለትም 28 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይወርድበታል። የሚንጠባጠበውንና የሚተነውን ቀንሱለት። ዝናቡን ለመለካት ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳና ማስመሪያ በቂ ነው። ጄሪካን ተሸክማ የምትመጣ ተማሪ ይህን ስሌት ስትሠራ ፊቷን እዩት።

«የባዮሎጂ መምህር ሥራ ነው» ለምትሉ፦ አሁን የሠራነው ሒሳብ ነው።

«ችግኝ ተክለናል፣ ምን ቀረን?» ሐምሌ ላይ ተክላችኋል። ጥቅምት ላይ ስንቱ እንደጸደቀ ቁጠሩና እንነጋገር።

የመጨረሻው፣ ስልጠና ማለት አበልና የምስክር ወረቀት ነው የሚለው። አበል እኔም አልጠላም። ግን ለመምህር የተቀመጠው ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት ነው። የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ብቻ የሚሞላ አይደለም። አብሮ ማቀድ፣ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ማየት፣ ያልሠራውን አስተካክሎ መድገም ሁሉ ይቆጠራል። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ በአንድ ሌሊት የሚሞላ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራ ማስረጃ ማኅደር፣ ያደረግነው እኛው ነን።

የጣሪያውን ስሌት አንዳችሁ አስተምሩ፤ ሌላችሁ ኋላ ተቀምጣችሁ ተማሪዎቹ የት ጋ እንደተደናገሩ ጻፉ። ተነጋገሩበትና በሌላ ክፍል ድገሙት። ሁለት ሰዓት ተሠራ። 58 ቀረ።