ዕድሜ ሲገፋ ዓመቱ ለምን ይሮጣል? ቡና ላይ የሰማኋቸው የተሳሳቱ ምክንያቶች

በጥር ለዘመድ ሠርግ መንዝ ሄጄ ነበር። የሠርጉ ግርግር ካለፈ በኋላ አያቴ ቤት ምድጃ ዳር ተቀምጠን ቡና እንጠጣለን። የውጪው ብርድ አጥንት ይሰብራል። አያቴ ባናዋን ወደ ትከሻዋ እየሳበች፣ "ምነው ልጄ፣ እንቁጣጣሽ ትናንት አልነበር? ጥር ከየት መጣ? ዘንድሮስ ጊዜው ሮጠብኝ" አለች።

ይቺን ንግግሯን ሁሉም ተቀባበላት። ጎረቤቷ አንድ ምክንያት ሰጡ፣ መምህር የሆነው የአጎቴ ልጅ ሌላ፣ ሾፌር የሆነው ዘመዳችን ደግሞ ሌላ። አያቴ ዝም ብላ ሰማቻቸው። ፊቷ ላይ ግን ስጋት አየሁ፤ "ዕድሜዬ እያለቀ ነው ማለት ነው" ብላ የተረዳችው መሰለኝ። ይህ አላስቀመጠኝም። ከተመለስኩ በኋላ ስለ ጉዳዩ የተጠናውን ሳነብ ከረምኩ። ያን ቀን የተባሉትን ነገሮች ሁላችንም እንላቸዋለን፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ላንሳቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"ዘመኑ አጥሯል፤ ቀኑ ራሱ እንደ ድሮው አይደለም"

ይህን ያሉት ጎረቤቷ ናቸው። በማቴዎስ ወንጌል 24፥22 ቀኖቹ ያጥራሉ መባሉንም አስታወሱን። ጥቅሱ የሚናገረው ስለ መከራው ቀናት ነው፤ ከዚያ አልፌ ትርጓሜ ውስጥ አልገባም። የቀኑ ርዝመት ግን የሚለካ ነገር ነው። የተገኘውም ተቃራኒው ነው። የጨረቃ ስበት ባሕሩን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ይህም የምድርን ሽክርክሪት በጣም በዝግታ ይጎትተዋል። በዚህ የተነሳ አንድ ቀን በ100 ዓመት ውስጥ 2 ሚሊሰከንድ ገደማ ይረዝማል። ዓይናችንን አንዴ ለማርገብገብ የሚፈጅብን ጊዜ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቀኑ አላጠረም፤ የረዘመውንም ማንም አያውቀውም።

"ነገሩ ሒሳብ ነው"

የአጎቴ ልጅ እንዲህ አላት፦ "እምዬ፣ ለ10 ዓመት ልጅ አንድ ዓመት የዕድሜው አንድ አሥረኛ ነው። ላንቺ ግን አንድ ሰማንያኛ ነው። ለዚህ ነው ያነሰብሽ።" ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ፤ ደስ የሚል ማብራሪያ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ፖል ዣኔ በ1877 አቅርቦታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዊልያም ጄምስ በ1890 ሲጠቅሰው ግን ቀመሩ ምስጢሩን እንደማይፈታው ጽፏል። እውነቱን ነው። ማን ነው አንዱን ሳምንት ከሙሉ ዕድሜው ጋር እያካፈለ የሚኖር? ደግሞም ሒሳቡ ትክክል ቢሆን፣ በ80 ዓመት ጊዜው በ40 ከነበረው እጥፍ መፍጠን ነበረበት። ሰዎች ሲጠየቁ የሚታየው እንዲያ አይደለም። ባለፉት 10 ዓመታት ጊዜው ሮጠ የሚለው ስሜት ከ50ዎቹ ዕድሜ በኋላ ብዙም አይጨምርም።

"አንጎል ሲፈጥን ጊዜ ይቆማል፤ ሲደክም ጊዜ ያመልጣል"

ሾፌሩ ዘመዳችን ጣርማ በር ላይ የገጠመውን ነገረን። ጉም ነው፤ መንገዱ ርጥብ ነው። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተንሸራተተና ገደሉ አፍ ላይ ቆመ። "ያቺ ሰከንድ አንድ ሰዓት ሆነችብኝ። ሁሉን ነገር ቀስ ብሎ አየሁት" አለ። ከዚያም የሽማግሌ አንጎል ስለሚደክም ጊዜው ያመልጠዋል ብሎ ደመደመ።

ያየውን አልጠራጠርም። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ቼስ ስቴትሰን፣ ዴቪድ ኢግልማንና ባልደረባቸው በ2007 ባወጡት ጥናት ሰዎችን ከ31 ሜትር ከፍታ በጀርባቸው ወደ መረብ ለቀቋቸው። እጃቸው ላይ በጣም ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር ቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ አሰሩላቸው። ፍጥነቱ በደህናው ጊዜ ዓይን አንብቦ የማይለየው ነው። አንጎል በፍርሃት ጊዜ በእርግጥ የሚፈጥን ከሆነ፣ እየወደቁ ሳሉ ሊያነቡት ይገባ ነበር። አላነበቡትም። የራሳቸውን አወዳደቅ ግን የሌላ ሰው ሲወድቅ ካዩት በ36 በመቶ ያህል አስረዝመው ገመቱት።

ማለትም ጊዜው የረዘመው ሲወድቁ ሳይሆን ሲያስታውሱት ነው። በድንጋጤ ጊዜ ትውስታ እያንዳንዷን ነገር አጥብቃ ትይዛለች። ዘመዳችን ጉሙን፣ የጎማውን ድምፅ፣ የረዳቱን ጩኸት፣ ሁሉንም እስከ ዛሬ ያስታውሳል። አንድ ሰከንድ ያን ሁሉ ይዛ ስትገኝ እንዴት አትረዝም?

"ለሽማግሌ ሁሉም ነገር ይበራል"

ዋናው ስህተት ይህ ይመስለኛል። "ጊዜ ሮጠ" ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እንደባልቃለን፤ እየኖርነው ያለውን ቀንና ዞር ብለን የምናየውን ዓመት።

ማርክ ቪትማንና ሳንድራ ሌንሆፍ በ2005 ባወጡት ጥናት ከ14 እስከ 94 ዓመት የሆናቸውን 499 ሰዎች ጠይቀዋል። ያለፈው ሳምንት፣ ወር፣ ዓመት እንዴት አለፈ? ወጣቱም አዛውንቱም "ፈጥኖ" ነው ያሉት፤ በዕድሜ የመጣው ልዩነት ትንሽ ነው። ልዩነቱ ጎላ ያለው ስለ 10 ዓመት ሲጠየቁ ነው። በ2010 ደግሞ ዊልያም ፍሪድማንና ስቲቭ ያንሰን ሌላ ነገር አከሉበት፦ ሥራው ከጊዜው በልጦ የሚያስጨንቀው ሰው፣ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን፣ ጊዜው ይሮጥበታል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ አያቴ ጋ ደወልኩ። "እምዬ፣ ቀኑም ይሮጥብሻል ወይ?" አልኳት።

"ቀኑማ መቼ ይመሻል ልጄ! ፀሐይቱ ትቆምብኛለች እንጂ። ዓመቱ ነው የሚሮጠው።"

የሚኖሩት ቀንና ዞር ብለው የሚያዩት ዓመት አንድ አለመሆናቸውን እሷ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። የማይመሽ ቀንና የሚበር ዓመት አብረው ይኖራሉ። ቀኑ ሌላውን ሲመስል፣ እሳት ማንደድ፣ የበግ ጸጉር መፍተል፣ ደጅ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚን ሰላም ማለት፣ ትውስታ ነጥላ የምትይዘው ነገር ያንስባታል። ዞር ሲሉ 300 ቀን እንደ አንድ ቀን ይታጠፋል። ሚሼል ሲፍር የተባለ ፈረንሳዊ በ1962 ያለ ሰዓት 2 ወር ገደማ ዋሻ ውስጥ ኖረ። ሲያወጡት ቀኑ መስከረም 4፣ በእነሱ ሴፕቴምበር 14 ነበር። እሱ ግን ገና ኦገስት 20 መስሎታል። ጨለማው ውስጥ አንዱን ቀን ከሌላው የሚለይለት ነገር ስላልነበረ 25 ቀን ያህል ጠፋበት። የሠርጋችን 3 ቀን ደግሞ ገልብጣችሁ እዩት፤ እዚያው እያለን በረረ፣ አሁን ሳስበው ግን ከሥራዬ አንድ ወር ይሰፋል።

"የመርሳት በሽታ ምልክት ነው"

ይህን አክስቴ ጓዳ ጠርታ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። አይደለም። ጊዜው ሮጠ ማለት የ20 ዓመት ወጣትም የሚለው ነገር ነው። አሁን ክረምት ይሁን በጋ የማያውቅ፣ የለመደው የቤቱ መንገድ የሚጠፋበት ሰው ግን ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለበት። አያቴ የእያንዳንዱን የልጅ ልጇን ክርስትና ቀን ታውቃለች።

ሰዎች በብዛት የሚያስታውሱት ከ10 እስከ 30 ዓመታቸው ያለፈውን ጊዜ እንደሆነ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ሁሉም ነገር መጀመሪያ የሚሆንበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ በስልክ ሌላ ጥያቄ ጠየቅኳት። "አምና በዚህ ወር ምን ስትሠሪ ነበር?"

"ምን እሠራለሁ፤ ያው ነው።"

"በሙሽርነት ከይፋት የመጣሽበት ዓመትስ?"

ዝም አለች። ከዚያ ጀመረች። በቅሎዋ ዳገቱ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆመች፣ ማን እንደደገፋት፣ በማግስቱ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ አይታ ጨው የተበተነ መስሏት እንደቀመሰችው፣ አማቷ እስኪደክማቸው እንደሳቁ። የስልኬ ካርድ አለቀ። ሞልቼ መልሼ ደወልኩ። ከዚያም መሸ። ሠርጓ በጥር ነበር፤ በወሬዋ ግን ገና ዐቢይ ጾም አልገባም።