ስለ ኬዲኬኤ ሬዲዮ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በፒትስበርግ ከተማ የሚገኘው ኬዲኬኤ በመካከለኛ ሞገድ 1020 ኪሎ ኸርዝ የሚሰማ የኤኤም ጣቢያ ነው። በሬዲዮ ታሪክ ውስጥ ስሙ በተነሳ ቁጥር አብረውት የሚነሱ፣ ሊታረሙ የሚገባቸው አባባሎች አሉ። (ዘመኑ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

«በዓለም የመጀመሪያው ሬዲዮ ጣቢያ ነው።»

አይደለም። ኬዲኬኤ የአሜሪካን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ውጤት ያሰማው ኖቬምበር 2 ቀን 1920 ሲሆን፣ ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በኔዘርላንድስ ሄግ ከተማ በጋዜጣ አስቀድሞ የተነገረለት የሙዚቃ ዝግጅት በሬዲዮ ተላልፏል። በዚያው በአሜሪካም የዲትሮይቱ 8ኤምኬ ኦገስት 20 ቀን 1920 ሥርጭት ጀምሮ ነበር። በእኔ እምነት ኬዲኬኤ ሊመሰገን የሚገባው፣ በምርጫው ምሽት የጀመረውን ሥራ ሳያቋርጥ በመቀጠሉና ከመቶ ዓመት በላይ በመዝለቁ ነው።

«የተቋቋመው ከማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት ነው።»

ባለቤቱ ዌስቲንግሃውስ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች አምራች ነበር። የኩባንያው መሐንዲስ ፍራንክ ኮንራድ ዊልኪንስበርግ በሚገኘው ቤቱ፣ ከመኪና ማቆሚያው ክፍል ሆኖ የሸክላ ሙዚቃ ያሰራጭ ነበር፤ ሸክላዎቹንም የሚያውሰው አንድ የሙዚቃ መደብር ሲሆን፣ ውለታው የመደብሩን ስም በአየር ላይ መጥራት ነበር። በሴፕቴምበር 1920 ሆርን የተባለው ትልቅ መደብር የኮንራድን ዝግጅት መስማት የሚያስችሉ መቀበያዎችን ከ10 ዶላር ጀምሮ እንደሚሸጥ በጋዜጣ አስነገረ። ይህን ያነበበው የዌስቲንግሃውስ ምክትል ፕሬዚዳንት ሃሪ ዴቪስ፣ የሚደመጥ ዝግጅት ካለ መቀበያውን የሚገዛ ሰው እንደማይጠፋ ተገነዘበ፤ ጣቢያው የተወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው።

«የምርጫውን ውጤት ሕዝቡ በሙሉ በሬዲዮ ሰማ።»

መቀበያ የነበራቸው ጥቂቶች ብቻ ነበሩ፤ የማሰራጫው ኃይልም 100 ዋት ብቻ ነበር። በዌስቲንግሃውስ ፋብሪካ ጣሪያ ላይ በተሠራች ትንሽ ክፍል ውስጥ ሆኖ በስልክ የሚደርሰውን ውጤት ያነበበው ሊዮ ሮዘንበርግ፣ ሥርጭቱ እስከ የት እንደሚሰማ ለማወቅ የሚያዳምጡ ሁሉ እንዲያሳውቋቸው ይማጸን ነበር።

«ማታ ሩቅ የሚሰማው ኃይሉን ስለሚጨምር ነው።»

ኬዲኬኤ የሚያሰራጨው ቀንም ሌሊትም በ50,000 ዋት ነው። ቀን ላይ የአዮኖስፌር (በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ አስተላላፊ የሚሆነው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል) የታችኛው ንብርብር ወደ ላይ የሚወጣውን መካከለኛ ሞገድ ይውጠዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ያ ንብርብር ስለሚሳሳ፣ ሞገዱ ከላይኛው ንብርብር ነጥሮ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ወደ ምድር ይመለሳል።