ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ደወሉልኝ። ልጃቸው አሜሪካ ካለ አነስተኛ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ጥሩ ስኮላርሺፕ አግኝታለች። መማር የምትፈልገው ኬሚስትሪ ነው። እሳቸው ግን "ሥዕል እንድትማርማ አሜሪካ ድረስ አልልካትም፣ ዶክተር" አሉኝ። ሐሳቡ የራሳቸው አይደለም። ስለ ውጭ አገር ትምህርት በሬዲዮ የሚያብራራ አንድ ሰው "ሊበራል አርትስ ማለት የኪነ ጥበብ ዘርፍ ነው፤ ሥራ አያስገኝም" ሲል ሰምተው ነው።

እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣልኝ ይህ ስንተኛው እንደሆነ እንጃ። እኔ እንዲህ ባለ ኮሌጅ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በአንድ ቃል ትርጉም የተነሳ የአንዲት ልጅ ዕድል ሲበላሽ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ሊበራል" እዚህ ላይ የፖለቲካ አቋም አይደለም። ከላቲን የመጣ ሲሆን ለነጻ ሰው የሚገባ ማለት ነው። "አርትስ"ም ሥዕልና ቲያትር ማለት አይደለም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሰባቱ ሊበራል አርትስ የሚባሉት ሰዋስው፣ ሎጂክ፣ የንግግር ጥበብ፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና የከዋክብት ጥናት ነበሩ። እስቲ ሥዕልን ከመካከላቸው ፈልጉ። የለም። ሙዚቃው እንኳ የሚጠናው በቁጥር ምጣኔ ነበር።

የእኛው "ጥበብ" የሚለው ቃልም ሁለት ፊት አለው። ሰሎሞን ጥበብን ለመነ ስንል ብሩሽና ቀለም ለመነ ማለታችን አይደለም። ማስተዋልን ነው የለመነው። "አርትስ"ን በዚህኛው ጥበብ ብንረዳው ግማሹ ችግር ያኔውኑ ይቃለል ነበር።

ለሬዲዮው ሰው ልመልስለት። እ.ኤ.አ. በ2020 በኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመችው ጄኒፈር ዳውድና የመጀመሪያ ዲግሪዋን የሠራችው ካሊፎርኒያ በሚገኘው ፖሞና በተባለው ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ነበር። በ1989 የኬሚስትሪውን ኖቤል የተጋራው ቶማስ ቼክ የአዮዋው ግሪኔል ኮሌጅ ምሩቅ ነው። ሃርቪ ማድ የተባለው ሊበራል አርትስ ኮሌጅማ በ1955 ሲመሠረት ዋና ሥራው ሳይንስ፣ ሒሳብና ኢንጂነሪንግ ነበር። ዛሬም እንደዚያው ነው። ሁለትና ሦስት ሰው ጠርቶ ስለ ሺዎች መናገር በእኔ ሙያ ያስወቅሳል። ስለዚህ እነዚህ ስሞች የኮሌጆቹን ጥራት አያረጋግጡም። "ሳይንስ የለም" ለሚል ግን አንድ ተቃራኒ ምሳሌም ይበቃል።

"ኮሌጅ" የሚለውም ያሳስታል። በእኛ አገር ኮሌጅ ሲባል ዩኒቨርሲቲ ያልደረሰ ይመስላል። እዚያ ግን አራት ዓመት ተምሮ ሙሉ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚያዝበት ቦታ ነው። ዊሊያምስ ኮሌጅ የተመሠረተው በ1793 ነው፤ ተማሪዎቹ ዛሬም ወደ 2,000 ገደማ ናቸው። ማደግ አቅቶት አይደለም። ትንሽ መሆንን መርጦ ነው።

ታዲያ ምንድን ነው? ተማሪው ትንሽ ግቢ ውስጥ እየኖረ፣ ከመምህሩ ጋር ተቀራርቦ፣ ብዙ ዘርፍ አይቶ አንዱን የሚመርጥበት የመጀመሪያ ዲግሪ ኮሌጅ ነው። ለአባትየው የነገርኳቸው በቅኔ ቤት ነው። ጎጃም ያደጉ ሰው ስለሆኑ ወዲያው ገባቸው። የቅኔ ተማሪ የኔታ ሲናገሩ ሰምቶ ብቻ አይሄድም። ራሱ ይቆጥራል፤ ማለትም የራሱን ቅኔ ይደርሳል። ከአጭሩ የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ይጀምርና የቆጠረውን የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ያርሙታል። ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ መደበቅ ብሎ ነገር የለም።

ዊሊያምስ ቱቶሪያል የሚባል ኮርስ አለው። ሁለት ተማሪና አንድ መምህር ናቸው። በየሳምንቱ አንደኛው ጽሑፍ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ይተቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ይለዋወጣሉ። ለእኔ ይህ ቅኔ መንገር ነው። ላብራቶሪም ውስጥ ያው ነው። በትልልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ውዱን መሣሪያ በአብዛኛው የሚነኩት የዶክትሬት ተማሪዎች ናቸው። እኛ ጋ የዶክትሬት ተማሪ የለም። ስለዚህ የሁለተኛ ዓመቷ ልጅ ናሙናዋን ራሷ አዘጋጅታ፣ መሣሪያውን ራሷ አንቀሳቅሳ፣ ውጤቱን ይዛልኝ ትመጣለች። ስትሳሳት የማርማት እኔ ነኝ፤ ረዳት አስተማሪ አይደለም።

አዳሩም ይመሳሰላል። የቅኔ ተማሪ ጎጆው ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ሲከራከር ያመሻል፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስጠናል። እነዚህ ኮሌጆችም ተማሪው ግቢው ውስጥ እንዲኖር የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ክፍል ውስጥ የተጀመረው ክርክር ካፌ ይገባል፣ ዶርም ይገባል። ሃቨርፎርድ ኮሌጅ የማጠቃለያ ፈተና ያለ ተቆጣጣሪ ይሰጣል፤ ሰዓቱንም ተማሪው ይመርጣል። አብሮ ከመኖር የመጣ መተማመን ባይኖር ይህ አይሞከርም። እኛም ይህን እናውቀዋለን። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኮሌጅ ቀን ይነበቡ የነበሩትን ግጥሞች ያስታወሰ ሰው፣ ትንሽ ግቢ ምን እንደሚያፈራ ያውቃል።

ንጽጽሩ የማይሠራበትም ቦታ አለ። የቅኔ ተማሪ ዜማ ወይም ትርጓሜ ሲያምረው አገር አቋርጦ ሌላ መምህር ይፈልጋል። እዚህ ሁሉም ጉባኤ ቤቶች አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ተማሪው ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ ሜጀሩን፣ ማለትም ዋና የትምህርት ዘርፉን፣ የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ነው። የሚመድበው የለም። ገንዘቡ ደግሞ ከአኩፋዳ ጋር አይገናኝም። በታወቁት ኮሌጆች ምግብና መኝታን ጨምሮ በዓመት ከ80,000 ዶላር በላይ ነው። ስኮላርሺፕ ከሌለ ለብዙ ቤተሰብ የሚሞከር አይደለም። ኬንታኪ ውስጥ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ በምትኩ ተማሪው ሁሉ ግቢው ውስጥ ይሠራል።

"ሕክምናስ?" አሉኝ አባትየው። አሜሪካ ውስጥ ሕክምና የሚገባው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። የሚጠየቁትን የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ኮርሶች እስከወሰደች ድረስ ሜጀሯ ምንም ሊሆን ይችላል። ሃሮልድ ቫርመስ አምኸርስት ኮሌጅ ያጠናው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነበር። በኋላ ሐኪም ሆነ፤ በ1989 በሕክምና ኖቤል ተሸለመ።

የሚጎድለውንም አልደበቅኳቸውም። የኮርሱ ዝርዝር አጭር ነው። አንዳንድ ኮርስ በሁለት ዓመት አንዴ ይሰጣል። ኢንጂነሪንግ የሌላቸው ብዙ ናቸው። "ለአንድ መምህር ስምንት ተማሪ" የሚለውን ቁጥርም በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። የተማሪው ቁጥር ለመምህራኑ ቁጥር ተካፍሎ የመጣ ነው እንጂ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው ይቀመጣል ማለት አይደለም። የእኔ የመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪ ክፍል ከዚያ በጣም ይበልጣል።

ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ "እና የእሷ የኔታ ማን ናቸው?" አሉኝ። ደስ አለኝ። ልጅቷ ራሷ ለኬሚስትሪ ክፍሉ እንድትጽፍ ነገርኳቸው። የመጀመሪያ ዓመት ላብራቶሪውን ማን እንደሚያስተምር፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በየዓመቱ ይሰጥ እንደሆነ፣ ሰመር ላይ ምርምር ለሚሠራ ተማሪ ይከፈለው እንደሆነ ትጠይቅ አልኳቸው። ረቡዕ ጽፋለች። መልሱን እየጠበቅን ነው።