በኦንላይን አዝዞ ከሱቅ መረከብ፦ የሸማቹ መብት በባሕር ዳር

በባሕር ዳር በቴሌግራም ቻናል፣ በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ የታየ ዕቃ በመልዕክት ይታዘዛል፤ ቀብዱ በቴሌብር ወይም በባንክ ይላካል፤ ቀሪው ሒሳብ ሱቅ ላይ ተከፍሎ ዕቃው ይወሰዳል። ስልክ፣ ጫማ፣ የሀበሻ ቀሚስ፣ የወጥ ቤት ዕቃና ኮስሞቲክስ በዚህ መንገድ ይሸጣሉ። የዚህ ግብይት ትልቁ ጥቅም ሸማቹ ገንዘቡን ጨርሶ ከመክፈሉ በፊት ዕቃውን በእጁ ይዞ ማየት መቻሉ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ዕድል በችኮላ ያሳልፈዋል፤ ጥያቄ የሚያነሳው ቤቱ ገብቶ ካርቶኑን ከከፈተ በኋላ ነው።

ግብይቱን በዋናነት ሦስት ሕጎች ይመለከቱታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውል፣ ስለ ሽያጭና ስለ ቀብድ ይደነግጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሸማቹን መብትና የነጋዴውን ግዴታ ይዘረዝራል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ አንድ ውል በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለተደረገ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ያደርጋል። ስለዚህ «42 ቁጥር፣ ጥቁር፣ ዋጋው 3,500፣ ቀብድ 1,000 ልኬያለሁ» የሚል የቴሌግራም ምልልስ ለውሉ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። መልዕክቱን ላኪው በኋላ ሊያጠፋው ስለሚችል ዕቃው እጅ እስኪገባ ድረስ ስክሪንሹት አንስቶ ማስቀመጥ ይገባል።

ዕቃው የሚመጣበት መንገድ

በቻናሉ ላይ ፎቶው የተለጠፈ ዕቃ ሁሉ ሱቁ ውስጥ አለ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ነጋዴ ትዕዛዝ ከተቀበለ በኋላ ከአዲስ አበባ፣ ብዙውን ጊዜ ከመርካቶ ያስመጣል። በደብረ ማርቆስ በኩል መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን የአባይን በረሃ ያቋርጣል፤ መንገድ ሲዘጋ ዕቃው ይዘገያል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ደግሞ ቻናል መክፈት ራሱ አልተቻለም ነበር። ያለ ኢንተርኔት በ*127# የሚሠራው ቴሌብር በእንዲህ ያለ ጊዜ ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል፤ የክፍያው አጭር መልዕክት የግብይት ቁጥር ስላለው መጥፋት የለበትም።

የባከነ ጉዞ ዋጋ ለሁሉም እኩል አይደለም። ፋሲሎ ወይም ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው በባጃጅ ተመልሶ ይመጣል። ከዘጌ በጀልባ ለሚሻገር፣ ከመራዊ ወይም ከሐሙሲት በሚኒባስ ለሚመጣ ሰው ግን «ነገ ይደርሳል» የሚል መልስ ቀኑንም የትራንስፖርቱንም ገንዘብ ይበላል። ከቤት ከመውጣት በፊት ዕቃው መድረሱን በጽሑፍ ማስረገጥ ተገቢ ነው፤ ነጋዴውም ፎቶ አንስቶ ቢልክ ምንም አይከብደውም።

ቀብድ

ብዙው ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው። «ቀብድ አይመለስም» የሚለው አባባል በየቻናሉ ይለጠፋል፤ የሚነግረን ግን የሕጉን ግማሽ ብቻ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያረጋግጣል። ቁጥር 1885 እንደሚለው ደግሞ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ሲተው ግን አጠፌታውን፣ ማለትም የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ፣ ይመልሳል። 1,000 ብር ተቀብሎ «ዕቃውን የተሻለ ዋጋ ለሰጠ ሰው ሸጥኩት» ያለ ነጋዴ 2,000 ብር ይጠየቃል ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሸማች ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ነጋዴው የሸማቹን ግዴታ እንጂ የራሱን አያስታውስም።

ቀብድና ቅድሚያ ክፍያ በሕግ አንድ አይደሉም። ቅድሚያ ክፍያ ከዋጋው ላይ አስቀድሞ የተከፈለ ድርሻ ሲሆን የአጠፌታው ደንብ የተሠራው ለቀብድ ነው። ገንዘቡ ሲላክ ምን ተብሎ እንደተላከ በመልዕክቱ ላይ በግልጽ ማስፈር ኋላ ከሚመጣ ንትርክ ያድናል። ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ስልኩ የሚያሳየውን የተቀባይ ስም ማንበብም ያስፈልጋል። ሱቁ በአንድ ስም፣ የገንዘቡ ተቀባይ በሌላ ስም ከሆነ፣ ግንኙነታቸውን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ማግኘት ይበጃል።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር መባል አለበት። አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲያመለክት ያስገድዳል፤ ከለጠፈው ዋጋ አስበልጦ መሸጥም ክልክል ነው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ከዚህ መንፈስ ጋር አይሄድም፤ ለአንዱ ሌላ፣ ለሌላው ሌላ ለመጥራት በር ይከፍታል።

ርክክብ

ስልክ ለመረከብ የሄደን ሰው እንውሰድ። ካርቶኑ ፊቱ ይከፈታል። ስልኩ በርቶ *#06# ሲደወል የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ከታተመው ጋር ይመሳከራል። ሲም ገብቶ ይደወላል፤ ካሜራው፣ ድምፁና ቻርጀሩ ይሞከራል፤ የማከማቻው መጠን ከማስታወቂያው ጋር ይነጻጸራል። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ ቀሪው ገንዘብ የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው። ለቀሚስ ደግሞ መለካት፣ ስፌቱንና ጥለቱን በቀን ብርሃን ማየት ይበቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ገዢው ዕቃውን ዕድል እንዳገኘ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያይ ሳይውል ሳያድር ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል።

ሲመረምር ፊቱን የሚያጠቁርበት ነጋዴ ያጋጥማል። አዋጁ ግን ሸማቹ የዕቃውን ጥራት ወይም አማራጭ ስላየ ወይም በዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ፣ ከስድብና ከማስፈራራትም ተጠብቆ በአክብሮት እንዲስተናገድ ይደነግጋል። የመጣው ዕቃ ከታዘዘው ከተለየ ውሉን ያፈረሰው ሻጩ ስለሆነ ቀብዱን «ይቀራል» ማለት አይችልም።

ጉድለቱ ቤት ከተደረሰ በኋላ የታየ እንደሆነ፣ በአዋጅ 813 መሠረት ሸማቹ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ዋስትና ከተሰጠው ያም እንደተጠበቀ ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፉ ይህን መብት አያጠፋውም። ሆኖም እዚህ ላይ የተቀመጠው 15 ቀን ለጉድለት እንጂ ሐሳብ ለመቀየር አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በርቀት የገዛ ሸማች ያለ ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ ውሉን መተው ስለሚችል፣ ከኢንተርኔት ያነበበውን ይዞ እዚህ ሱቅ ላይ የሚከራከር ሰው አለ።

ቀኑ የሚቆጠርበትን መነሻ ማስተዋል ያሻል። ቀብድ በተላከበት ቀን ደረሰኝ ተቆርጦ ዕቃው ከሳምንት በኋላ ከመጣ፣ ሻጩ ከ15ቱ ቀን ግማሹ አልፏል ብሎ ሊከራከር ይችላል። ስለዚህ የሽያጩ ደረሰኝ በርክክቡ ዕለት እንዲቆረጥ መጠየቅ፣ ያ ካልሆነም የተረከቡበትን ቀን በጽሑፍ ማስያዝ ነው። ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው፤ «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» የሚለውን ግብዣ የተቀበለ ሸማች ዋናውን ማስረጃውን በዚያች ቅናሽ ይሸጣል።

አቤቱታ

ነጋዴው «ከአዲስ አበባ እንዲሁ ነው የመጣልኝ» ቢል ከኃላፊነት አያመልጥም፤ ሸማቹ ከአስመጪው እስከ ቸርቻሪው ድረስ በአቅርቦቱ የተሳተፉትን በአንድነትም በተናጠልም ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። በሽምግልና ያላለቀ ጉዳይ ወደ ከተማው የንግድ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ የፌዴራሉ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ሥራ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። የገንዘብ ክርክር በፍርድ ቤትም ይታያል። የትም ቢኬድ ይዞ መቅረብ ያለበት ያው ነው፦ የትዕዛዙ ምልልስ፣ የክፍያው መልዕክት ከነግብይት ቁጥሩ፣ ደረሰኙ፣ የዕቃው ፎቶና የሱቁ የንግድ ስም።